የጎደሉት ሦስት እርምጃዎች

ባለፈው ሳምንት ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ገብቼ የስልኬን ቻርጀር ሳሠራ፣ ጠጋኙ ሰውዬ የተበጠሰችውን ሽቦ በስታኞ ማያያዝ ጀመረ። የቀለጠው ስታኞ ጭስ ከጋለ ፕላስቲክ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲደርስ ሰውዬው የሚለኝን መስማት አቆምኩ። "አቦ እህቴ፣ አለቀልሽ እኮ!" ብሎ ሁለቴ ከጠራኝ በኋላ ነው የባነንኩት።

ያ ሽታ የሃቦ ዘይነባ ሳሎን ሽታ ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምቱን ቤት የዋልኩበት ዓመት። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ቀርቶታል፤ ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የምንኖረው ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነው። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር የሳምንቱን ግማሽ መንገድ ላይ ያሳልፋል። የአጥር ጎረቤታችን ሃቦ ዘይነባ ነጋዴ ናት። ሃቦ ሶማሌዎቹ አክስትን የሚጠሩበት ነው፤ ዘመዳችን ባትሆንም ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሃቦ ነበረች። ጅቡቲ ወርዳ ሽቶ፣ ሽርጥና የዱቄት ወተት ይዛ ትመለሳለች። በዚያ ክረምት መጀመሪያ ላይ ግን ለልጇ ለፈቲያ አንድ ግራጫ ሳጥን አመጣችላት። ሳጥኑ ላይ ካሴት ይሰካል፤ ከቴሌቪዥን ጋር በሽቦ ይገናኛል፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሠራ እንቁላል የሚጠብስ ያህል ይግላል። ስንፈራ እናጠፋዋለን፤ ሲቀዘቅዝ እናበራዋለን። ሳሎኑ ሁልጊዜ ሊቃጠል የደረሰ ነገር ይሸት ነበር።

የነበረን ካሴት አንድ ብቻ ነው። ጨዋታው ውስጥ ፋኖስ የያዘ አጭር ሰውዬ አለ። የተሰበረ ደወል ስባሪዎችን ሊሰበስብ ስድስት ምድር ቤቶች ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ምድር ቤት ብዙ ክፍል፣ ብዙ የተቆለፈ በር፣ ብዙ አውሬ አለው። ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን ቆይተን ነው፤ እንግሊዝኛው አይገባንም። በምድር ቤቱ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ረጅም ጽሑፍ ያወጣል። ፈቲያ ሰላምታ ነው ብላ ስላመነች ሁሌም "ወዓለይኩም ሰላም" ትለዋለች። እኔ ደግሞ ጨዋታውን የሠራው ሰው ራሱ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየናል ብዬ አስብ ስለነበር እግሬን ሰብስቤ ነበር የምቀመጠው።

ከምሳ በኋላ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፤ ጋሪው ከነፈረሱ ዛፍ ጥላ ስር ይቆማል፤ ትልልቆቹ ጫታቸውን ይዘው በርጫቸው ላይ ናቸው። ያ ሰዓት የእኛ ነው። ሁለተኛው ምድር ቤት ውስጥ ግን ጠፋን። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ክፍል ስንዞር ቆየን። በሦስተኛው ቀን ተናድጄ ወደ ግቢያችን ስመለስ ጋሽ በላቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኙኝ።

ጋሽ በላቸው በግቢያችን ካለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባቡሩ ድልድይና ዎርክሾፕ ንድፍ ሲነድፉ ኖረው፣ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ነው ቤት የዋሉት። ወረቀት በትልቅ አጉሊ መነጽር ያነባሉ፤ ቴሌቪዥን ግን ለሳቸው የሚንቀሳቀስ ጉም ነው።

"ምን ሆነሽ ነው አፍንጫሽን የነፋሽው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስለ ፋኖሱ፣ ስለ በሮቹ፣ ስለ ሌሊት ወፎቹ።

"ስንት ክፍል አለው?"

"አላውቅም።"

"ሳታውቂ ነው እንዴ ሰው ቤት የምትገቢው? ንድፍ የለሽም?" ተነሥተው ከሳጥናቸው ባለ ካሬ ወረቀት አወጡ፤ ዳሩ ቢጫ ሆኗል። "አንድ ክፍል አንድ ካሬ። በሩ ያለበትን ጎን ክፍት ተይው። የተቆለፈውን አጥቁሪው። ነገ አምጪልኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያዝኩ። ፈቲያ ትጫወታለች፣ እኔ እነድፋለሁ። ማታ ማታ የነደፍኩትን ለጋሽ በላቸው አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ከአጉሊ መነጽራቸው ጋር ወረቀቱ ላይ ይደፉና ልክ ሊረከቡት የመጣ ሕንፃ ይመስል ይመረምሩታል።

የመጀመሪያውን ምድር ቤት ወደዱት። "አየሽ? ገና ስትገቢ የደወሉን ስባሪ በፍርግርግ በኩል አሳየሽ። ልትወስጂው ግን አትችዪም። ጥሩ ሠሪ ነው ይሄ። መጀመሪያ ያስመኝሻል፣ ከዚያ ያዞርሻል፣ ሲደክምሽ ደግሞ በአጭር በር መልሶ ያወጣሻል። የገባሽበትን መንገድ ሁሉ እንደገና አያስኳትንሽም።"

ሁለተኛው ውስጥ የጠፋንበትን ክፍል ወዲያው አገኙት። "በዚህ በኩል አራት ክፍል፣ በዚያ በኩል ሦስት። አራተኛው የት ሄደ? ሰው የቤቱን አንድ ጥግ ቆርጦ አይጥልም። ግድግዳውን ምቺው።"

በማግስቱ ፈቲያ አጭሩ ሰውዬ ግድግዳውን በመዶሻ እንዲመታ አደረገች። ሌላው ድንጋይ "ጠቅ" ሲል ያኛው "ዱም" አለ፤ ፈርሶም መንገድ ሆነ። ፈቲያ "ወላሂ ሽማግሌው ጠንቋይ ናቸው!" ብላ ጮኸች።

ሦስተኛውን ግን ጠሉት። እዚያ ቤት ውስጥ እየተመረጡ የሚረገጡ የወለል ድንጋዮች አሉ፤ ስንረግጣቸው አንዳንዴ በሩ ይከፈታል፣ አንዳንዴ አውሬ ይወጣል። ለምን እንደሆነ ሊገባን አልቻለም። ሃቦ ዘይነባ ከጅቡቲ ስትመለስ ቀና ብላ አየችና ሳቀች። "ሱቁ ውስጥ ሳየው እኮ ድንጋዮቹ ቀይና ሰማያዊ ነበሩ።" የኛ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው።

ጋሽ በላቸው ይህን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ። "ቀለም ብቻውን የሚታመን ምልክት አይደለም። እኛ ሐዲድ ላይ ምልክት ስናቆም ጭጋግ ውስጥ ያለውን ነጂ፣ ዓይኑ የደከመውን ነጂ እናስባለን። ይሄ ሰውዬ ሁሉም ሰው እንደሱ የሚያይ መሰለው።" ቆይተውም፣ "ክፉ አይደለም። ስላላሰበን ነው እንጂ" አሉ።

በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። ወንድሜ ዳንኤል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወጣቶች ለውትድርና ከየመንገዱ በሚታፈሱበት ሰሞን እናቴ "መልካ ጀብዱ አክስትህ ጋ ሂድ" ብላ ላከችው ተባልኩ። እኔ አክስት እዚያ እንዳለችን አላውቅም ነበር፤ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። የሚያሳስበኝ እናቴ ነበረች። ምሳ ከበላን በኋላ እንደገና ሰሃን ትሞላና በነጠላዋ ሸፍና ወደ መኝታ ቤት ትገባለች፤ ስትወጣ ሰሃኑ ባዶ ነው። ደብቃ የምትበላ መስሎኝ አፈርኩላት። እየከሳች መሄዷ ደግሞ አልገባኝም። ለፈቲያ በሹክሹክታ ብነግራት፣ "ጅን ነው የምትቀልበው" አለች በእርግጠኝነት። "አያቴም ሐረር ትቀልብ ነበር። ዝም በይ፣ ከተነገረ ይቆጣል።" ዝም አልኩ።

ነሐሴ ሲገባ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ጎርፉ የመብራት እንጨት ጣለና ጥቂት ቀን መብራት ጠፋ። እኔና ፈቲያ ሥራ ስንፈታ ተወራረድን፦ እያንዳንዳችን የራሳችንን ምድር ቤት እንነድፋለን፣ ጋሽ በላቸው ይፈርዳሉ። ፈቲያ ቀፊራ ገበያን ነደፈች፤ በርበሬ ተራ እሳት የሚተፋ ዘንዶ አስቀመጠችበት። እኔ ደግሞ ቤታችንን መረጥኩ። ጋሽ በላቸው "ንድፍ የሚጀምረው ከእግር ነው" ብለውኝ ስለነበር በእርምጃዬ ለካሁት። ሳሎን አምስት፣ መካከለኛው ክፍል አምስት፣ የእናቴ መኝታ ቤት አምስት። ሦስቱ ክፍሎች እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ ናቸው። ከዚያ ወጥቼ በጓሮ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ። አሥራ ስምንት።

ደግሜ ለካሁ። አሥራ ስምንት።

ደስታዬን አልችለው አልኩ። ቤታችን የተሰወረ ክፍል አለው! ከእናቴ ቁምሳጥን ጀርባ ሦስት እርምጃ ቦታ ነደፍኩ፤ በላዩም በትልቁ "የተሰወረ ክፍል" ብዬ ጽፌ ሣጥንና ቁልፍ ሣልኩበት።

ጋሽ በላቸው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። መነጽሩን ከቁምሳጥኑ ጀርባ ወዳለው ቦታ ሁለቴ መለሱት።

"ተሳስተሻል" አሉ።

"ሁለቴ ነው የለካሁት።"

"ግድግዳ ውፍረት አለው። ውፍረቱን ረስተሻል።"

"ሦስት እርምጃ የሚወፍር ግድግዳ አለ ጋሽ በላቸው?"

"ተሳስተሻል አልኩሽ!" ወረቀቱን ለሁለት ቀደዱት። እንዲያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ዕንባዬ መጣ። ከዕንባዬ ይልቅ ግን እልኬ ባሰ፤ ፈቲያ ቤት ሄጄ፣ ምድር ቤቶቹን ሁሉ በገለበጥንበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ቤታችንን እንደገና ነደፍኩት። ቁጥሩን ጭምር ጻፍኩበት።

በማግስቱ እናቴ ቀፊራ ስትሄድ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። የእናቴን ቀሚሶች ወደ ጎን ገፋሁና የጀርባውን ሳንቃ በጣቴ አንጓ መታሁ። ዱም አለ። በደስታ ሦስቴ ደጋገምኩት።

"ሂሩት" አለ ግድግዳው። "እጅሽን ሰብስቢ።"

ወደ ኋላ ወድቄ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ጅኑ ስሜን ያውቃል ብዬ ነበር። ቀጥሎ ግን ሳቅ የሚመስል ትንፋሽ ሰማሁ፤ ያን ሳቅ ደግሞ አውቀዋለሁ።

"ዳኒ?"

"ቀስ በይ። ማን አለ ቤት?"

"ማንም። አንተ መልካ ጀብዱ አይደለህም እንዴ?"

"አይደለሁም። ስሚኝ። ለፈቲያም ቢሆን፣ ለማንም አትናገሪም። ከተናገርሽ ይወስዱኛል። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"ጎበዝ።" ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማታ ለጋሽ በላቸው ስታነቢ እሰማለሁ። ስንተኛው ምድር ቤት ደረሳችሁ?" አለኝ።

"ሦስተኛው ላይ ቆመናል። በቀለም ምክንያት።" ይህን ስናገር ነው ደብተሩ ትዝ ያለኝ። ቀሚሶቹን መለስኩ፣ ቁምሳጥኑን ዘጋሁ፣ ገጹን ልቀድ ወደ ፈቲያ ቤት ሮጥኩ። የግቢያችን በር ላይ ግን ከጓድ ጌታነህ ጋር ተጋጨሁ።

ጓድ ጌታነህ የቀበሌው ሰው ነው፤ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ ቤት ለቤት ይፈትሽ ነበር። ከፈቲያ ቤት መምጣቱ ነው። አንዱ ጠባቂ ቴሌቪዥኑን፣ ሌላው ግራጫውን ሳጥን ተሸክሟል። ፈቲያ እያለቀሰች ትከተላቸዋለች።

"ጓድ ወላሂ ጨዋታ ነው! ኮንትሮባንድ አይደለም! ይኸው፣ ሁሉንም ነድፈነዋል፣ እይ!" ብላ ደብተሩን እጁ ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ በላቸው ከበረንዳቸው ተነሡ። ጓድ ጌታነህ ደብተሩን ይገልጥ ጀመር። የመጀመሪያው ምድር ቤት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የቀፊራው ዘንዶ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና ፈገግታው ጠፋ። ቤታችንን ቀና ብሎ አየ፤ ተመልሶ ወረቀቱን አየ።

"ይሄ የናንተ ቤት አይደለም?"

"የልጅ ጨዋታ ነው" አሉ ጋሽ በላቸው።

"እርስዎን አልጠየቅኩም ጋሼ። ልጅቷ ትናገር። በውጭ አሥራ ስምንት፣ በውስጥ አሥራ አምስት። ሦስቱ የት ገባ?"

በዚህ መሃል እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ከበሩ ገባች፤ እንደቆመች ቀረች። እግሬን አየሁ። ባዶ እግሬን ነበርኩ፤ ሰባት ሰዓት ላይ የድሬ መሬት እንዴት እንደሚያቃጥል ያየ ያውቀዋል፤ ቆሜ እንኳ እግሬን እያፈራረቅሁ ነበር።

"መሬቱ ያቃጥላል" አልኩ። "ውጭ ስለካ ስላቃጠለኝ በጥፍሬ ነው የረገጥኩት፣ እርምጃዬ አጠረ። ቤት ውስጥ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፣ የእማዬን ሸበጥ አድርጌ ነው የለካሁት። ትናንት ጋሽ በላቸው ተሳስተሻል ብለው ቀደውብኝ ነበር። እልህ ይዞኝ ነው እንደገና የነደፍኩት።"

"ለኪ እስቲ፣ ልየው" አለ።

ለካሁ። መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ያን ቀን መሬቱ ምጣድ ነበር። ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥፍሬ ቆሜ ሄድኩ። አሥራ ዘጠኝ መጣ። አንዱ ጠባቂ ሳቀ። ከዚያ የእናቴን ሸበጥ አድርጌ ወደ ውስጥ ገባን። አምስት፣ አምስት፣ አምስት። መኝታ ቤቱ ውስጥ ጓድ ጌታነህ ቁምሳጥኑን ከፈተ። ቀሚሶቹን አየ። ሊገፋቸው አንድ እጁን አነሣ።

"ሠላሳ ዓመት ንድፍ ሠርቻለሁ" አሉ ጋሽ በላቸው ከበሩ ላይ፣ ድምፃቸው ቁጣ እንዳለበት። "እንዲህ ያለ የማይረባ ልኬት አይቼ አላውቅም። ሜትር በሚሸጥበት አገር በሸበጥ ትለካለች!"

ጓድ ጌታነህ እጁን መለሰና ቁምሳጥኑን ዘጋው። ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሲወጣ ጋሽ በላቸው አጠገብ ቆም ብሎ፣ "ለልጆቹ ሌላ ጨዋታ ይፈልጉላቸው። ካርታ ለሰው ጥሩ አይደለም" አላቸው። አምኖኝ ይሁን አውቆ ትቶን ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ቴሌቪዥኑና ሳጥኑ ግን ከሱ ጋር ሄዱ፤ የቀሩትን ሦስት ምድር ቤቶች አላየናቸውም።

ሰዎቹ ሲርቁ ጋሽ በላቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ስለቀደድኩብሽ ይቅር በይኝ" አሉ። "ያን ክፍል የነደፍኩት እኔ ነኝ። አባትሽ የግድግዳውን ኮምፖልሳቶ መታ፣ እኔ ነደፍኩ። የአየር መግቢያውን አሰብኩ፣ ድምፁን አሰብኩ፣ ኖራው ከሌላው ግድግዳ ጋር እንዲመሳሰል አሰብኩ። ከውጭ የሚለካ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም። ክረምቱን ሙሉ የሰው ሥራ ስነቅፍ..." ከዚያ እናቴን ጠሩ። "የአሥር ዓመት ልጅ ያገኘችውን ወታደር አያጣውም። ልጁ እዚህ ማደር የለበትም።"

በሦስተኛው ቀን ሃቦ ዘይነባ ከጅቡቲ ተመለሰች። ስለ ቴሌቪዥኗ ስትሰማ "ዕቃ ነው፣ አቦ" ብላ አለፈችው። ስለ ዳንኤል ግን ከእናቴ ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከቀፊራ ወደ መልካ ጀብዱ ለሚመለሱት ሴቶች የተከራየ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። ሃቦ ዘይነባ ከቤታችን አንዲት ረጅም፣ ሰፊ ሻሽ የተከናነበች ሴት እጇን ይዛ አወጣች። ሴትዮዋ ዓይኗ በብርሃኑ ተጨፍኖ ነበር። በአጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችኝ፤ የዳኒ እጅ ነጭና ቀጭን ሆኗል። እናቴ በር ላይ ቆማ ለጎረቤት ሴት እንደምትለው "በሉ፣ ሰላም ግቡ" አለች። አላለቀሰችም። ከመልካ ጀብዱ ግመል ነጂ የሆኑ የሃቦ ዘይነባ ዘመዶች እየመሩ ወደ ጅቡቲ ሊያሻግሩት ነው። እናቴ የነገረችኝ ውሸት በመጨረሻ እውነት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የማስታውሰው በእናቴ እግር ነው። አትቀመጥም ነበር። ቆማ ትበላለች፣ ቆማ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሌሊት ስነቃ የእግሯን ኮቴ እሰማለሁ። ባቡር በነፋ ቁጥር ወደ በሩ ትሄዳለች።

ትምህርት ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ሃቦ ዘይነባ ከጅቡቲ ገባች። ዕቃዋን ቤቷ እንኳ ሳታስገባ፣ በላብ እንደራሰች መጥታ እናቴን ደጃፉ ላይ አገኘቻት።

"ደርሷል" አለቻት። "በዓይኔ አይቼዋለሁ። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ።"

እናቴ መቃኑን ይዛ ቀስ ብላ ወረደችና ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ወዲያው ጋደም አለች፤ ዓይኗ ተከደነ። መጀመሪያ ራሷን የሳተች መስሎኝ ጮህኩ፤ ሃቦ ዘይነባ አፌን በእጇ ዘጋችኝ። እናቴ ተኝታለች። እግሯ በረንዳው ላይ፣ ግማሽ አካሏ ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ታንኮራፋለች።

ጋሽ በላቸው ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ዘርግተው ከራስጌዋ ቆሙ። ፀሐይዋ ስትዞር እሳቸውም ይዞራሉ። እኔና ፈቲያ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠን የሚያልፈውን ሰው "እሽሽ" እንላለን። ጋሽ በላቸው እጃቸው ሲዝል ጃንጥላውን ወደ ሌላኛው ያዛውሩታል። እንቀበልዎት ብለን ብንነሣ ራሳቸውን ነቅንቀው እንቢ አሉ።

ስትነቃ ጥላው ረዝሞ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ተደናግጣ ቀና አለችና ዙሪያዋን አየች።

"ምነው ዝም አላችሁኝ? ምነው አልቀሰቀሳችሁኝም?"

ጋሽ በላቸው ጃንጥላቸውን አጠፉ። "ምን ልትሠሪ?" አሏት።

እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሷ ስር አደረገችና ተመልሳ ተኛች።